ጉዞ ከለገሃር

የዛሬው ርዕስ ጉዞ ነው። ጉዞ እንደ ቤት በር ነው፤ በሩ አንድ ቢሆንም አንዱ ለገበያ፣ ሌላው ለለቅሶ፣ ሌላው ለጠበል ይወጣበታል። ድሮ ሲራራ ነጋዴ አሞሌ ጨው ጭኖ፣ ምዕመን ስለት ይዞ ወደ ግሸን ማርያም በእግሩ ይጓዝ ነበር። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1917 ባቡር ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ገባ። ለገሃር የሚለው የአዲስ አበባው ጣቢያ ስምም የመጣው ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ሳምንታት የሚፈጀው መንገድ አጠረ። መንገዱ ሲያጥር ደግሞ የጉዞ ምክንያት በዛ፦ ዘመድ ጥየቃ፣ ሥራ ፍለጋ፣ ከድሬዳዋ ጨርቅ ማምጣት። ስለቱ ግን አልቀረም። ታኅሣሥ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል ዛሬም ብዙ ሰው ይጓዛል። የጅቡቲው ባቡር አሁን የሚነሳው ከፉሪ ለቡ ነው፤ በለገሃር የሚያልፈው የከተማ ባቡር ሠራተኛውን ጠዋት ወደ ሥራው ያደርሳል፣ ማታ ወደ ቤቱ ይመልሳል።