ጥንብ አንሳዎቹን የገደለው መድኃኒት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ይቀንሳል)

አቅራቢ፦ ዳይክሎፌናክ ሰዎች ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወስዱት ማስታገሻ ነው። በደቡብ እስያ የታመሙ ከብቶችም ይወጉት ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ በዚያው አካባቢ ጥንብ አንሳዎች በጅምላ ማለቅ ጀመሩ። ለምን?

ተመራማሪዎች በፓኪስታን የሞቱትን ከፍተው ሲያዩ የውስጥ አካላቸው በነጭ ዩሪክ አሲድ ተሸፍኗል፤ ኩላሊታቸው ሥራ አቁሟል። በኩላሊታቸው የቀረውን መድኃኒት ለኩ። በዚህ ሕመም ከሞቱት 25 ወፎች በሁሉም ዳይክሎፌናክ ተገኘ። በሌላ ምክንያት ከሞቱት 13ቱ ግን በአንዱም አልነበረም። መርዙ የደረሳቸው ከበሉት የከብት ሬሳ ነው።

ጥናቱ በ2004 ታተመ። በ2006 ሕንድ መድኃኒቱን ለከብት መስጠትን ከለከለች፤ በምትኩም ለጥንብ አንሳዎች አደገኛ ያልሆነው ሜሎክሲካም እንዲሰጥ ተመከረ።

(ሙዚቃ)