በራግቢ ሜዳ የነበረው ኢትዮጵያዊ ተማሪ
(ከፓዌ በመጣን ተማሪዎች ስም በማኅበራችን ጉባኤ ላይ የተነበበ ንግግር)



የማኅበራችን የንግግር ኮሚቴ ስለ ስፖርት ታሪክ እንድንናገር ዕድል በሰጠን ጊዜ ከፓዌ የመጣን ተማሪዎች ተሰብስበን ተመካከርን። ስለ ሯጮቻችን እንናገር ያለ ነበረ፤ ስለ እግር ኳስም ያለ ነበረ። በመጨረሻ የመረጥነው ግን በአገራችን እምብዛም የማይታወቅ አንድ ጨዋታና ስሙ እንጂ ኑሮው እምብዛም የማይታወቅ አንድ ተማሪ ነው። ጨዋታው ራግቢ ይባላል፤ ተማሪው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ልዑል ቢሆንም ዛሬ የምናነሣው እንደ እኛ ደብተር ይዞ ክፍል የገባ ተማሪ ስለ ሆነ፣ «እርሱ» እያልን ብንጠራው ድፍረት አይሁንብን።

አስቀድመን ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል።

ራግቢ በእንግሊዝ አገር መካከል የሚገኝ የአንድ ከተማ ስም ነው። በዚያ ከተማ የቆየ ትምህርት ቤት አለ፤ ጨዋታውም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1823 ዊልያም ዌብ ኤሊስ የተባለ ተማሪ እግር ኳስ ሲጫወት ኳሱን በእጁ ይዞ ሮጠ፤ ራግቢም ከዚያ ተጀመረ ይባላል። ይህ ነገር በትምህርት ቤቱ ግንብ ላይ በድንጋይ ተቀርጾ ይታያል። ዳሩ ግን ወሬው የተሰማው ሰውየው ከሞተ በኋላ ስለ ሆነና በዓይኔ አየሁ የሚል ምስክር ስላልተገኘለት፣ ከታሪክ ይልቅ ወደ ተረት ያደላል።

የጥንቱን ራግቢ ለመገመት የሚፈልግ የገናን ጨዋታ ያስብ። በገና ሁለት መንደር ይሰለፋል፤ የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፤ ቅልጥሙን የተመታ ቢኖር ቂም አይያዝም፤ በዚያ ቀን ጌታ እንኳ በሎሌው አይቆጣም ይባላል። ራግቢም በመጀመሪያው ዘመን እንዲሁ ነበር። የባላጋራን ቅልጥም በጫማ መምታት የተፈቀደ ነበር። ኳሱንም የከተማው ጫማ ሰፊዎች ከአሳማ ፊኛ ሠርተው በቆዳ ይሸፍኑት ስለ ነበረ፣ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ ቀረ።

ለእኛ ለተማሪዎች እጅግ የሚያስደንቀው ግን የሕጉ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 የዚህን ጨዋታ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ያወጡት መምህራን አይደሉም፤ ሦስት ተማሪዎች ናቸው። ተቀምጠው 37 አንቀጽ ጻፉ፤ ጓደኞቻቸውም ተቀበሉት። ዛሬ በዓለም ላይ ሚሊዮኖች የሚጫወቱት ጨዋታ መሠረቱ የተማሪ እጅ ጽሑፍ መሆኑን ማኅበራችን ቢያስታውሰው መልካም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1871 የጨዋታው ማኅበር በለንደን ተቋቋመ፤ ቅልጥም መምታትም ተከለከለ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የእስኮትላንድና የእንግሊዝ ቡድኖች በኤዲንብራ ተጋጠሙ፤ በራግቢ ሁለት አገሮች ሲጋጠሙ ይህ የመጀመሪያው ነው። በየወገኑ 20 ሰው ተሰለፈ፤ እስኮትላንድ አሸነፈች። ከእስኮትላንድ ተጫዋቾች አንዱ አልፍሬድ ክሉኒስ ሮስ ነበረ። ይህ ሰው የተወለደው በሕንድ ውቅያኖስ በሚገኙት በኮኮስ ደሴቶች ሲሆን እናቱ የማላይ ሴት ናት። እንግዲህ ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ በዚያ ዘመን ለአገር ቡድን ሊመረጥ ይችል እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን። የተጫዋቹ ቁጥር ከ20 ወደ 15 የወረደው እ.ኤ.አ. በ1877 ነው። የእኛ ልጅ በራግቢ የተማረው ይህ ሁሉ በሚለዋወጥበት ዘመን ነበር።

አሁን ወደ እርሱ እንመለስ።

ዓለማየሁ በ1853 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ተወለደ። እናቱ የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አባቱ በመቅደላ ራሳቸውን በሰዉ ጊዜ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ዘውዱን፣ ጽዋውን፣ ታቦታቱንና ብራናውን ጭኖ ሲመለስ ልጁም ከእናቱ ጋር አብሮ ተጓዘ። ትግራይ ሲደርሱ እናቱ በመንገድ ዐረፉና በጨለቆት ተቀበሩ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ አባትም እናትም አገርም አጣ ማለት ነው።

ወደ እንግሊዝ አገር ይዞት የሄደው ሻምበል እስፒዲ ነበረ። ይህ ሰው ከዚያ በፊት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለ፣ አማርኛ የሚያውቅ ስለ ሆነ የአገራችን ሰዎች «ባሻ ፈለቀ» ይሉት ነበር። ልጁ ከእርሱ አይለይም ነበር። በዋይት ደሴት ሳሉ ንግሥት ቪክቶሪያ ልጁን አይተው ወደዱት። በዚያው ዓመት ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ፎቶግራፍ አንሺ ያነሣቻቸው ሥዕሎች እስከ ዛሬ አሉ፤ ያዘነ ልጅ መሆኑን ለማወቅ ከዓይኑ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። እስፒዲ በሕንድ አገር ሥራ ባገኘ ጊዜም ይዞት ሄደ። ቈይቶ ግን መንግሥት ልጁ በእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት መግባት አለበት ብሎ ወሰነና ከእስፒዲ ለየው። ልጁ አለቀሰ፤ ለቅሶው ውሳኔውን አልለወጠም። በአማርኛ የሚያነጋግረው የቅርብ ሰውም በዚያው ተለየው።

ከዚያ በኋላ የቸልትናም ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ለነበሩት ለዶክተር ጄክስ ብሌክ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1874 እኒሁ ሰው የራግቢ ርእሰ መምህር ሆነው ሲሾሙ ዓለማየሁም ተከትሏቸው ወደ ራግቢ ሄደ። የመቅደላ ልጅ ጨዋታው ወደ ተወለደበት ሜዳ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

ትምህርቱ ከበደው። ይህ አያስገርምም፤ በልጅነቱ ቋንቋውን አስጥለውት በሌላ ቋንቋ ላቲን የሚያስተምሩት ልጅ ቢከብደው የልጁ ስንፍና አይባልም። በራግቢ ግን ከክፍሉ ሌላ ሜዳ አለ፤ ጨዋታም በዚያ ዘመን እንደ ትምህርቱ ሁሉ ለተማሪው ግዴታ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ በዕለት ማስታወሻቸው እንደ ጻፉት፣ ልጁ ሰዎች በቀለሙ ምክንያት ትኩር ብለው ሲያዩት እጅግ ይከፋው ነበር። በእንግሊዝ አገር ክረምት፣ በጭቃ ሜዳ ላይ፣ ሁሉም ከእግር እስከ ራሱ ጭቃ ለብሶ በአንድ ኳስ ላይ ሲረባረብ ግን መልክ ከመልክ አይለይም፤ የሚታየው የሮጠና የወደቀ፣ ወድቆም የተነሣ ነው። ያ ሜዳ ለዓለማየሁ ዕረፍት ነበረ ብለን ብናስብ የሚፈርድብን አይኖርም።

እንዲህም ቢሆን እንደ ክሉኒስ ሮስ ለአገር ቡድን አልተመረጠም፤ ዋንጫም አላነሣም። ከራግቢ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1878 ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተላከ፤ እዚያም አልሆነለትም። ወደ አገሩ ለመመለስ እንደሚፈልግ ተናግሯል፤ አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬም ከአገር ቤት ጽፈው ነበር። የሰማ ግን አልተገኘም። በመጨረሻ ቀድሞ ያስተምረው ከነበረው ከሲሪል ራንሰም ጋር ሊድስ ከተማ ተቀመጠ፤ በዚያም የሳንባ በሽታ ያዘውና እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1879 በ18 ዓመቱ ሞተ። የብዙዎቻችን ዕድሜ ነው። በንግሥቲቱ ፈቃድ በዊንዘር ግንብ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። በመታሰቢያው ላይ የተጻፈው በወንጌል ስለ ተነገረው፣ ቤት ስለ ተሰጠው እንግዳ የሚያወሳው ቃል ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ዛሬ ልንናገር የመጣነው በዚህች «እንግዳ» በምትል ቃል ላይ ነው።

እንግሊዞች ልጁን አላስራቡትም፤ አልገረፉትም። ከመልካም ትምህርት ቤቶቻቸው አስገቡት፤ ወጪውን ከመንግሥት ካዝና ከፈሉ። ወላጆቹም እንግሊዞች እንዲያሳድጉት ፈልገው ነበር የሚል ቃል በእነርሱ ዘንድ ተመዝግቧል። በአገር ቤት ቢቀር ኖሮ የአባቱ ጠላቶች አይምሩትም ነበር የሚልም አለ፤ ይህም ከንቱ ክርክር አይደለም። ነገር ግን እንግዳ ማለት በፈቃዱ መጥቶ በፈቃዱ የሚሄድ ነው። ማደሪያው፣ ሞግዚቱ፣ ቋንቋው፣ ሙያው፣ መቃብሩም ሳይቀር በሌላ ሰው የተወሰነለት ልጅ ምን ዓይነት እንግዳ ነው? ተማሪዎች የራሳቸውን የጨዋታ ሕግ በጻፉበት ትምህርት ቤት ተማረ፤ ስለ ራሱ ኑሮ ግን አንዲት አንቀጽ እንኳ እንዲጽፍ አልተፈቀደለትም። ሰውን መርዳትና ስለ ሰው መወሰን ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። የዓለማየሁ ታሪክ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው።

ነገሩም ገና አላበቃም። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት አፅሙ እንዲመለስ ጠይቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ከቤተ መንግሥቱ የተሰጠው መልስ፣ በአካባቢው የተቀበሩትን ሌሎች ሳይነኩ የእርሱን ማውጣት አይቻልም የሚል ነው። የአባቱ ጠጉር እ.ኤ.አ. በ2019፣ የእርሱም እ.ኤ.አ. በ2023 ለኢትዮጵያውያን ተሰጥቷል። ጠጉሩ ሲመለስ አፅሙ ቀረ።

አሁን፣ ይህን ሁሉ ከፓዌ የመጡ ተማሪዎች ለምን አነሡት ትሉ ይሆናል።

መቅደላ የምትገኘው በወሎ ነው። ከእኛም የብዙዎቻችን ወላጆችና አያቶች የወሎ ሰዎች ናቸው። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ከዚያ ክፉ ድርቅ በኋላ ከወሎ፣ ከሌሎችም የአገሪቱ ክፍሎች፣ ከከምባታና ከሐዲያም ጭምር ወደ በለስ ሸለቆ ተወሰዱ። በኢጣልያ ርዳታ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተከፈተ፤ ጫካው ተመነጠረ፤ መንገድ ወጣ፤ ሆስፒታል ተሠራ። ጥቅሙን አንክድም፤ ከእኛ መካከል በዚያ ሆስፒታል የተወለደ ሞልቷል። ነገር ግን በወባና በልዩ ልዩ በሽታ ያለቀው ሕዝብ ጥቂት አልነበረም። መንደሮቹ ስም እንኳ አልወጣላቸውም፤ በቁጥር ተጠሩ፤ ዛሬም በቁጥር እንጠራቸዋለን። ምድሩም ባዶ አልነበረም፤ ጉሙዞች ይኖሩበት፣ ያርሱበት፣ ያድኑበት ነበር። የመጣውንም የነበረውንም «ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ባለፉት ዓመታት በመተከል የፈሰሰው ደም ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉን በዚህ አናሳብብም። ሳይጠያየቁ ጎረቤት የሆኑ ሰዎች ግን ለክፉ ቀን መነጋገሪያ ያጥራቸዋል።

ስለ ዓለማየሁ ብዙ ገጽ ተጽፏል፤ ከሁሉ የሚያንሰው የራሱ ቃል ነው። የፓዌ ታሪክም በዚሁ መንገድ እንዳይሄድ እንሰጋለን። በ1977 ዓ.ም. ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ ሽማግሌ ነው፤ በየዓመቱም እንቀብራለን።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በመጪው የክረምት ዕረፍት ከፓዌና ከአካባቢው የመጣን ተማሪዎች እያንዳንዳችን ሁለት ሽማግሌ ወይም ሁለት ባልቴት እንጠይቅ፤ አንዱ ከመጡት፣ አንዱ ከነበሩት ይሁን። የሚሉትን ሳናሳምር፣ ሳንቀንስ፣ በራሳቸው ቃል እንጻፍ። ጉሙዝኛ የሚናገሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሥራውን ይምሩ፤ እኛ እንከተላለን። መምህራን አጠያየቁን ያስተምሩን። ማኅበሩ ወረቀትና ቀለም ይስጠን፤ የተሰበሰበውን በዚሁ በማባዣ መኪናችን አባዝተን መጀመሪያ ለተናገሩት ሰዎች እናንብብላቸው፤ ይታተም ወይስ ይቅር የሚለውን እነርሱ ይፍረዱ።

ሦስቱ የራግቢ ተማሪዎች አንድ ሕግ ለመጻፍ ከወረቀትና ከብዕር በቀር ሌላ አላስፈለጋቸውም። ለዚህም ሥራ የሚያስፈልገን ከዚያ አይበልጥም። ፈቃደኛ የሆናችሁ ሁሉ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ።