የሚያነባ ደረቅ ዓይን

የዛሬው ወጋችን ስለ ዓይን ድርቀት ነው። «እኔንስ አይመለከተኝም፤ የኔ ዓይን ማንባት እንጂ ድርቀት የለበትም» ያላችሁ ካላችሁ፣ በተለይ እናንተ ሬዲዮውን እንዳትዘጉት። ነፋስ ነካ ባደረገው ቁጥር ጉንጭ የሚያርስ ዓይን ብዙ ጊዜ የደረቀ ዓይን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳናውቀው ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ የሚመነጭ፣ የዓይናችንን ፊት የሚያለብስ ስስ እንባ አለ። ሽንኩርት ስንከትፍ፣ ጭስ ሲገባን ወይም ሆድ ሲብሰን የሚወርደው ደግሞ ሌላ ነው። ስሱ እንባ ሲያንስ ወይም ቶሎ ሲተን ዓይን ይጋለጣል፤ ይቆጠቁጣል፣ ይቆረቁራል። አንጎል ይህን ሲሰማ አንዳች ነገር የገባበት መስሎት ያንን የሚጎርፈውን እንባ ይለቅቃል። ጎርፉ ግን አይረጋም፤ እንደመጣ በጉንጭ ወርዶ ያልቃል። ሰውየው እያነባ ይደርቃል ማለት ነው።

ስሱ እንባ የሚረጋው ውሃ ብቻ ስላልሆነ ነው። ከሥሩ ከዓይኑ ጋር የሚያያይዘው ሙጫ ነገር አለው፤ ከላይ ደግሞ እንዳይተን የሚሸፍነው ስስ ቅባት አለው። ቅባቱ የሚመጣው በዓይን ቆብ ጠርዝ፣ ከሽፋሽፍቱ ሥር ከተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ነው። ሃይንሪኽ ማይቦም የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1666 ስለጻፈባቸው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። የአብዛኛው ሰው የዓይን ድርቀት እነዚህ ዕጢዎች ሲደፈኑ የሚመጣ ወይም የሚባባስ ነው። ብዙዎቻችን ግን ዓይናችን በተቆጠቆጠ ቁጥር ወደ ቧንቧ እንሮጣለን። ውሃ አቧራን ያጥባል፤ እንባን ግን አይተካም፤ የቀረችውንም ቅባት ይዟት ይሄዳል።

ቅባቱ ከዕጢው ወጥቶ ዓይን ላይ የሚዳረሰው ዓይናችንን ስናርገበግብ ነው። ሰው ዘና ብሎ ሲቀመጥ በደቂቃ 15 ጊዜ ገደማ ያርገበግባል። ስልክ ላይ ሲያፈጥ ግን ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያርገበገበውም ቢሆን ቆቡ ከቆብ ሳይገጥም ተመልሶ ይከፈታል። አሁን እየሰማችሁኝ አንድ ጊዜ ዓይናችሁን ጥብቅ አድርጋችሁ ክደኑ፤ ሁለት እስክትቆጥሩ ያዙት፤ ክፈቱ። መኪና የምትነዱ እናንተ ግን ተዉት፤ ቤት ስትደርሱ! ይህችን ነገር በሥራ መሃል አልፎ አልፎ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። ኮምፒውተር ላይ የምትውሉ ደግሞ ስክሪኑን ከዓይናችሁ ትይዩ ዝቅ አድርጉት። ወደ ታች የሚያይ ዓይን ጠበብ ይላል፤ የሚተነውም እንባ ያንሳል። ቅዳሜና እሑድ ኳስ ለማየት ግድግዳ ላይ ወደ ተሰቀለው ቴሌቪዥን አንጋጦ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ ደግሞ ጭራሽ ማርገብገብ ትቶ የሚያፈጠውን ወዳጄን ምን እንደምለው አላውቅም። ቢያንስ በእረፍት ሰዓት ዓይኑን ይጨፍን።

ቦታም ወቅትም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። በጋ ሲገባ አየሩ ይደርቃል፣ ነፋሱና አቧራው ይነሣል። አዳማ ነፋሷ ኤሌክትሪክ እስከ ማመንጨት የደረሰ ከተማ ናት፤ ያው ነፋስ በሁለት ጎኑ ክፍት በሆነ ባጃጅ ላይ ለሚውል ሹፌር ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። ለእሱ ጎንና ጎኑን የሚከልል መነጽር የሥራ መሣሪያ ነው፤ ለመዋቢያ ነው የሚለውን አትስሙ። በዱባይና በሪያድ ቤት ውስጥ የሚሠሩ እህቶቻችን ደግሞ ችግራቸው የሚጀምረው በራቸው ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ቀን ከሌት የሚሠራው የአየር ማቀዝቀዣ እርጥበቱን ከክፍሉ ያወጣዋል። ማጥፋት ባይችሉ እንኳ የሚነፍስበትን አፍ ከፊታቸውና ከትራሳቸው ማዞር ይቻላል።

ከነፋሱና ከአቧራው ሌላ ጭስም አለ፤ «ከጭስ ራቁ» የሚል ምክር በየጊዜው ይሰማል። በእንጨትና በኩበት እንጀራ ለምትጋግር እናት ይህ ምክር ባዶ ነው፤ የምትርቀው ወዴት ነው? ይልቅ ደረቅ እንጨት ጭሱን እንደሚቀንስ፣ ከፍ ብሎ የተከፈተ ጭስ መውጫ ለቤተሰቡ ሁሉ እንደሚጠቅም፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዛት የሚችል ባልም ሆነ ልጅ ለዓይኗ ብሎ ቢገዛ እንደማያስቆጭ ብንነጋገር ይሻላል። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የዓይን ድርቀት በሴቶች ላይ ስለሚበዛ ዕድሜዋም በጭሱ ላይ ይጨመርባታል።

አሁን ወደ ማስታገሻው እንምጣ። ከሁሉ የምወደው በየቤቱ ያለ ነገር ነው፤ ንጹሕ ፎጣና ሙቅ ውሃ። የተደፈነው የቆብ ቅባት በብርድ እንደረጋ ቅቤ ነው፤ ሙቀት ይፈልጋል። ፎጣውን በሙቅ ውሃ ነክራችሁ ጨምቁት፤ በእጃችሁ አንጓ ላይ ሞክሩት፤ ካላቃጠላችሁ በተጨፈነ ዓይን ላይ አድርጉት። ፎጣ ቶሎ ስለሚበርድ እያሞቃችሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያዙት። ከዚያ በታጠበ ጣት የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ፣ ወደ ሽፋሽፍቱ በቀስታ አሹት። ብሌኑን አትጫኑት። በማግሥቱ ለውጥ ያልታየው ሰው ይተወዋል፤ ይህ ግን በየቀኑ ለሳምንታት ሲሠራ ነው የሚያሳርፈው።

መድኃኒት ቤት የሚሸጠው ሰው ሠራሽ እንባም ይረዳል። በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የምታደርጉ ከሆነ ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ጠይቁ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ማቆያው ራሱ ግን ሲደጋገም ዓይንን ያስቆጣል። ጠርሙሱን የከፈታችሁበትን ቀን ላዩ ላይ ጻፉበት። አብዛኛው ጠብታ ከተከፈተ ከአንድ ወር በኋላ ይጣላል፤ የአምናው ከመሳቢያ አይወጣም። ዓይኑን ገርበብ አድርጎ የሚተኛና ጠዋት ጠዋት የሚብስበት ሰው ደግሞ ለሌሊት የሚሆን የዓይን ቅባት እንዳለ ይወቅ።

አንድ ነገር ላይ ግን ድምፄን ከፍ ላድርግ። ጎረቤት «እኔን ወዲያው አሻለኝ» ብላ የምታውሰው ጠብታ አለ። ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ ያለበት ነው፤ ዴክሳሜታሶን የሚለውን ስም ጠርሙሱ ላይ ፈልጉ። እውነት ነው፣ ቶሎ ያሳርፋል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ያለ ሐኪም ክትትል ሲቆይ የዓይን ግፊትን ከፍ አድርጎ ግላኮማ ሊያመጣ ይችላል፤ የዓይን ሞራም እንዲሁ። በግላኮማ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። የእናት ጡት ወተት፣ የቅጠል ጭማቂ፣ ሎሚ፣ እነዚህም ዓይን ውስጥ አይገቡም።

ከድርቀት አልፈው የሚሄዱም አሉ። ትራኮማ የቆቡን ውስጠኛ ገጽ ጠባሳ ካደረገው በኋላ ዓይን ይደርቃል፤ ፀጉሩም ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይቧጥጣል። አገራችን ይህ በሽታ እጅግ ከበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። በወረንጦ የተነቀለ ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል፤ መፍትሔው በሠለጠነ ባለሙያ የሚሠራ፣ ብዙም ጊዜ የማይወስድ የቆብ ቀዶ ሕክምና ነው። ሲመሽ የሚደናበር ሕፃን ካያችሁ ደግሞ ዳፍንት ነውና ፎጣም ጠብታም አትሞክሩ፤ የቫይታሚን ኤ እጥረት ዓይኑን አድርቆ ሊያጠፋው ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አዋቂዎችም ሕመም ካለ፣ ብርሃን ማየት ከከበደ፣ እይታ ከደበዘዘ፣ ወይም ከዓይን ጋር አፍም መገጣጠሚያም አብረው ካስቸገሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቀጭን ወረቀት በታችኛው ቆብ ሰክቶ 5 ደቂቃ ሊያስቀምጣችሁ ይችላል፤ አትደንግጡ፣ እንባችሁ ወረቀቱን ስንት ሚሊ ሜትር እንዳረሰው እየለካ ነው። ስትሄዱም የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ የአለርጂውን፣ የእንቅልፉን፣ የደም ግፊቱን። ከእነዚህ ውስጥ እንባ የሚያደርቁ ስላሉ፣ አንዱን በሌላ መለወጥ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።