አንዲት ሰሌዳ፥ ሁለት ጠያቂ



ለምሳሌ ያህል በስማዳ፥ በወገዳ ከተማ፥ የግብር ሒሳብ የሚደምሩ አንድ አረጋዊ ጸሐፊ አሉ እንበል። ድምሩን ሁልጊዜ የሚጽፉት በአንዲት ሰሌዳ ላይ ነው፤ አዲስ ሒሳብ ሲመጣ የፊተኛውን አጥፍተው በዚያችው ይሠራሉ። ባለጉዳይ አንድ በአንድ በሚገባበት ዘመን ይህ ልማድ ማንንም አልጎዳም። ኋላ ግን ጉዳይ ይፋጠን ተብሎ ሁለት ወጣት ጸሐፊዎች ተጨመሩ። የአንደኛው ድምር ከሰሌዳው ሳይገለበጥ ሁለተኛው የራሱን አስደመረ፤ አንደኛውም ቀና ብሎ የሌላውን ሰው ድምር ገለበጠ። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣው ገበሬ የጎረቤቱን ዕዳ ተሸክሞ ተመለሰ። ከሦስቱ ጸሐፊዎች ግን የዋሸም የሰነፈም አልነበረም።

አሮጌና አዲስ የፕሮግራም ቋንቋዎች በአንድ ኮምፒዩተር ሲጣመሩ የሚያሰጋው ነገር ይኸው ነው። ፎርትራን በ1957፥ ኮቦል በ1959 እ.ኤ.አ. በተነሡበት ዘመን አንድ ፕሮግራም አንዱን ሥራ ጀምሮ መጨረሱ የተለመደ ነበር። የዛሬው ፕሮግራም ግን ባለሙያዎች ‹ትሬድ› የሚሏቸውን ብዙ የሥራ ክሮች ጎን ለጎን ያስኬዳል። በሲ ቋንቋ ቀንና ሰዓት የሚነግረው ‹ሎካልታይም› የጠያቂዎቹን ሁሉ መልስ በአንድ ቦታ ሊያኖር ይችላል፤ ስለዚህም ጠያቂው የራሱን ሰሌዳ ይዞ የሚመጣበት ሌላ ዓይነት ተበጀ።

«አዲሱ ቋንቋ ጠንቃቃ ነውና ምን ያሰጋናል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የጸና እትሙ የወጣው ራስት፥ ሁለት ክሮች አንዱን ነገር ያለ ጥበቃ እንዳይሻሙበት ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር ይከለክላል። ነገር ግን ሥራው ድንበር ተሻግሮ ወደ ሲ ወይም ወደ ፎርትራን ሲገባ ምርመራው በዚያው ያበቃል፤ የሚቀረው የፕሮግራሙ ጸሐፊ የሰጠው ቃል ብቻ ነው።

የፓይቶን ሠሪዎች በዚህ ረገድ ጥሩ ብልኀት አሳይተዋል። ቋንቋው ለብዙ ዓመታት በአንድ ቁልፍ ሲጠበቅ ኖሮ፥ በ2024 እ.ኤ.አ. ያለ ቁልፍ የሚሠራ የሙከራ ዓይነት ወጣለት። ይሁን እንጂ ዝግጁነቱን ያላስታወቀ የቆየ የሲ ክፍል ሲገባ ቁልፉ በራሱ ይመለሳል። ዝምታ እንደ ስምምነት አልተቈጠረም ማለት ነው።

ጥፋቱ ከወረቀት ያልፋል። ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ ቴራክ 25 የተባለው የሕክምና መሣሪያ ስድስት ሕሙማንን ከልክ ባለፈ ጨረር ጎድቷል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች በጋራ መረጃ መሻማታቸው ነበር።

እንግዲህ እናንተ የመሥሪያ ቤት ሰዎች፥ በነባሩ ላይ አዲስ ፕሮግራም ሲቀጠል ሠሪውን ይህን ጠይቁት፦ አሮጌው ክፍል መልሱን የሚያኖረው በአንድ ሰሌዳ ነውን? በሩ ላይ ቁልፍ ተደርጎ ጠያቂዎች በተራ ይገባሉን? ወይስ ለእያንዳንዱ ሰሌዳ ተሰጥቶታል? የተፈተነውስ በአንድ ሰው ነው ወይስ በብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ? ይህ ጉድለት በጸጥታ ቀን ተሰውሮ፥ ግብር በሚከፈልበት የግርግር ቀን ይወጣልና። ተራ መጠበቅ ጥቂት ደቂቃ ያስከፍላል፤ የተሳሳተ ድምር ግን ያንን ገበሬ ዳግመኛ ያን ሁሉ መንገድ ያስኬደዋል።