ትምህርት ቤት ጥሏቸው ስላለፈ ሠራተኞች
ለጭሮና ለምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች መራጮች የተደረገ ንግግር



በዚህ የምርጫ ወቅት ስለ ትምህርት ጥራት ብዙ ሰምታችኋል። እኛም ስለ መጻሕፍት እጥረትና ስለ መምህራን ኑሮ ያለንን አቋም በዚህ ጽሑፍ ሌሎች ገጾች ላይ አስፍረናል። ዛሬ የምንናገረው ግን ክፍል ውስጥ ስላለው ልጅ አይደለም። ከክፍል ወጥቶ ጋራዥ ስለገባው፣ ባጃጅ ስለሚነዳው፣ በር ስለሚበይደው፣ ጫት መርጣ ስለምታስረው፣ ባጠቃላይ ስለ አዋቂው ሠራተኛ ነው። ስለ እርሱ የሚናገር ሰው አልሰማንም።

በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደ የንባብ ጥናት ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ውጤቱ ሲወጣ ስብሰባ ተጠራ፣ ለሚቀጥሉት ልጆች ዕቅድ ተነደፈ። እነዚያ ልጆችስ የት ደረሱ? አደጉ። ዛሬ ዕድሜያቸው ከሃያ አልፏል። አግብተዋል፣ ወልደዋል፣ ሥራ ላይ ናቸው ወይም ሥራ ፍለጋ ላይ ናቸው። አንዳንዶቹ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። መንግሥት ሥርዓተ ትምህርቱን ሲቀይር፣ ፈተናውን ሲያጠብቅ፣ አዲስ ፖሊሲ ሲያወጣ ለእነርሱ የተመለሰላቸው ነገር የለም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናም ይህንኑ ያሳያል። ከሃምሳ በመቶ በላይ ያመጡት የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ የ2015ቶቹ 3.2 በመቶ፣ የ2016ቶቹ 5.4 በመቶ፣ የ2017ቶቹ 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። የፈተና ስርቆትን ለማስቆም የተወሰደው እርምጃ ተገቢ ነበር፤ ተቃዋሚ ስለሆንን ብቻ መልካሙን አንክድም። ካላለፉትም የተወሰኑት በማካካሻ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። የሚበዙት ግን ሻንጣቸውን ይዘው ወደየከተማቸው ተመለሱ። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ እጁ ላይ ምንም ሙያ የሌለው ወጣት የጭሮ አውቶቡስ ተራ ላይ ሲውል ወላጁ ምን ይበለው?

ሌላም አለ። ሙያ ያለው ሰው ደግሞ ወረቀት የለውም። እንዲህ ያለ ሰው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ረዳት ሆኖ ጋራዥ ገባ፤ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን ይለያል። ለመንግሥት ወይም ለትልቅ ድርጅት ሥራ ሲያመለክት ግን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ ያ ሲኦሲ የምንለው፣ ይጠየቃል። ፈተናው የተግባር ብቻ ሳይሆን የጽሑፍ ክፍልም አለው። የሁለተኛ ክፍል ንባብ የጎደለው መካኒክ እዚያ ላይ ይወድቃል። ሃያ ዓመት የጠገነው መኪና አይመሰክርለትም።

ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን አዲሱን የባቡር ሐዲድ አንድ የቻይና ኩባንያ፣ ከሚኤሶ እስከ ጅቡቲ ድንበር ያለውን ሌላ የቻይና ኩባንያ ሠራው። በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። አሠራሩ ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ሰዎች እጅ የገባው ግን በ2016 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ለእውቀቱ በውጭ ምንዛሪ ከፈልን። በድሮው ምድር ባቡር ዘመን የድሬዳዋ ወርክሾፕ ከአለቃው ጎን ቆሞ ሥራ የለመደ ስንት ብረት ሠሪና መካኒክ እንዳወጣ ሽማግሌዎቻችን ይነግሩናል። ሐዲዱ በደጃችን እያለፈ ሠራተኛው ከሌላ አገር መምጣቱ፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ አይደለምን?

ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱትን እህቶቻችንንም እናንሳ። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀና የብቃት ማረጋገጫ ያለው እንዲሆን አዘዘ። በ2013 ዓ.ም. አዋጁ ሲሻሻል የስምንተኛ ክፍሉ መስፈርት ተነሣ። መስፈርቱ ብዙዎችን ወደ ደላላ ገፍቶ ነበርና መነሣቱን አንቃወምም። የምንጠይቀው በእነዚያ አምስት ዓመታት እነዚህን ሴቶች ስምንተኛ ክፍል የሚያደርስ የማታ ትምህርት ለምን በየከተማው አልተከፈተም ነው። ከሐረርጌ ተነሥተው በጅቡቲ በኩል ባሕር የሚሻገሩትን ልጆች ስም እዚህ መጥራት አያስፈልገንም፤ በየቤታችሁ አሉ።

ጎልማሶችን የማስተማር ሙከራ ቀርቶ አያውቅም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደርግን የሚጠላ ሰው እንኳ የሚያመሰግነው ሥራ ነበር። ሆኖም ፊደል የቆጠረው ገበሬ የሚያነበው ነገር ስላላገኘ ብዙው መልሶ ረሳው። በኋላ የመጣው የተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ደግሞ ስሙ ተግባር ቢሆንም፣ እኛ ባየናቸው ቦታዎች ተግባሩ ቀርቶ ፊደሉ ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጫት ስታስር የዋለችን ሴት ማታ በልጆች ወንበር ላይ አስቀምጦ ሀ ሁ ማስቆጠር አያዛልቅም። የምትሸጠውን እየመዘነች፣ ሒሳቧን እየጻፈች፣ የቁጠባ ደብተሯን እያነበበች ብትማር ትቀጥላለች።

ስለዚህ ፓርቲያችን ድምፃችሁን አግኝቶ ለኃላፊነት ከበቃ የሚከተለውን ያደርጋል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ወርክሾፖች ማታም ለሠራተኛ በነፃ ክፍት ይሆናሉ፤ ማሽኑ ብቻውን የሚያድርበት ምክንያት የለም። ማንበብ የሚቸገር ባለሙያ የንድፈ ሐሳቡን ጥያቄ በቃል፣ በመረጠው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ እንዲመልስ ይፈቀድለታል። ንባቡንም ጎን ለጎን በዚያው በሙያው መጽሐፍ ይማራል። ረዳት ተቀብሎ የሚያሠለጥን ባለ ጋራዥ፣ ግንበኛና አናጢ እንደ መምህር ተቆጥሮ ይከፈለዋል። ጭሮ ያለው የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲም ለአካባቢው ሠራተኛ የእረፍት ቀን አጫጭር ሥልጠናዎችን እንዲሰጥ በጀት ይመደብለታል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል እንደምትሉን እናውቃለን። ከዚህ አካባቢ ከሚወጣው ጫት ለዓመታት ብዙ ግብር ተሰብስቧል። ከዚህ ግብር የተወሰነው ድርሻ በሕግ ተለይቶ ለሠራተኞች ሥልጠና እዚሁ እንዲውል ሐሳቡን ለምክር ቤት እናቀርባለን። ሁሉንም አይሸፍንም፤ በመጀመሪያው ዓመት በሁሉም ከተሞች እንጀምራለን ብለንም አንዋሻችሁም። መጀመሪያ ወርክሾፕ ባለባቸው ከተሞች ይሆናል፤ ሌሎቹ ይከተላሉ።

አንድ ረዳት ለሚያሠለጥን ባለሙያ በወር ስንት ቢከፈል ተገቢ ነው በሚለው ላይ ገና አልወሰንንም። ጋራዥ፣ የእንጨት ሥራና የብየዳ ቤት ያላችሁ ከስብሰባው በኋላ እንድትቆዩ እንለምናችኋለን፤ ቁጥሩን ከእናንተ ጋር ተቀምጠን እናወጣዋለን።