ገና በሰው አገር

እህቶቼ፣ የጉዞሽን አውሪን ብላችሁ ነው ያስነሣችሁኝ።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ልጄ ዘንድ፣ ጀርመን አገር ኑረምበርግ ነበርኩ። የገና ገበያቸው በፈረንጆች 1628 ስሙ ተጽፎ የተገኘ የጥንት ገበያ ነው። ቀይና ነጭ ሸራ የለበሱ የእንጨት ዳሶች አደባባዩን ሞልተውታል። ለነፋስ መውጫ ሰው ብርድ ምኑ ነው ብዬ ወጣሁና ጣቶቼን አጣኋቸው። የሚጠበሰው ሁሉ ቋሊማ፣ እኛ ደግሞ ጾም ላይ ነን። በቅመም የፈላ ወይን ጠጅ ገዛን። ለኩባያው መያዣ ያስከፍላሉ፤ ስትመልሺ ገንዘብሽን ትወስጃለሽ። እንስራና ብርሌ እየተዋዋስን ለምንደግስ ለእኛ ይኼ ያስቃል።

ታኅሣሥ 15 ገበያው ተዘጋ፤ በማግስቱ የእነሱ ገና ሆነ። የእኛው 29 ማክሰኞ ዋለ፣ እዚያ የሥራ ቀን ነው። ልጄ በጨለማ ተነሥታ ሥራ ሄደች። ማታ ዶሮውን አቀረብኩላት። ሁለት ጎረሰችና፣ «እማዬ፣ እዚህ ከመጣሁ ከሰው ጋር ጾም ስፈታ ገና ዛሬ ነው» አለችኝ።

እኔ እኮ በየዓመቱ የበግ መግዣ ስትልክልኝ የምደውልላት «ገንዘቡ ደረሰኝ» ልላት ብቻ ነበር።

ከጋይንትም፣ ከስማዳም፣ ከእስቴም ልጆቻቸው በሰው አገር ያሉ እናቶች እዚህ አላችሁ። የዘንድሮን ገና ቡና በማኅበሩ ቤት እናፍላና በየተራ እንደውልላቸው። የስልኩ ወጪ ከማኅበሩ ሣጥን ይውጣ፤ ዛሬውኑ ተነጋገሩበት።

ስለ ኩባያው ለጠየቃችሁኝ፣ አልመለስኩትም። መያዣውን ትቼላቸው መጣሁ፤ ጠላ እጠጣበታለሁ።