በረከት በማን ፊት ይቆጠራል?

በዓል በደረሰ ቁጥር ከዐውደ ምሕረቱም ከሬዲዮኑም የምንሰማው ምክር አንድ ነው፤ የተደረገላችሁን ቁጠሩ፣ አመስግኑ። ከምክሩ ጋር ጠብ የለኝም። የእኔ ጥያቄ ቆጠራው በማን ፊት ይደረግ የሚል ነው። በዓሎቻችን በረከትን የሚያስቆጥሩን በጎረቤት ፊት፣ ከጎረቤት ጋር በመቋደስ ነው ብዬ እከራከራለሁ፤ ይህ ሲቀር የሚተርፈው ባለቤቱን ብቻ ደስ የሚያሰኝ የንብረት ቆጠራ ነው። ማስረጃውን ሩቅ አገር አልፈልግም፤ ከዚሁ ከሀዋሳ ሐይቅ ዳር እጀምራለሁ።

የሲዳማ ሕዝብ አዲስ ዓመት ፊቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር ዓለም ያየው ወደ ጉዱማሌ አደባባይ የሚጎርፈውን ሕዝብና ቄጣላ የተባለውን ጭፈራ ነው። የበዓሉ ሥር ግን ከአደባባዩ በፊት በየቤቱ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ፊቼ የምትባል ሴት ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሰናዳ ቡርሳሜ ይዛ በየዓመቱ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ትጠይቅ ነበር፤ ምግቡንም ከጎረቤት ጋር ይቋደሱት ነበር፤ በዓሉ ስሟን ወረሰ። አዲስ ዓመቱን በንጉሥ ወይም በጦር ድል መሰየም ይችል የነበረ ሕዝብ፣ ምግብ ይዛ በምትመጣ ሴት ስም ጠራው። ቀኑንም ማንም በግሉ አይወስነውም፤ አያንቶ የሚባሉ የከዋክብት አዋቂዎች ሰማዩን ተመልክተው ይቆርጡታል፣ ለጎሳዎችም ይታወጃል። ሕፃናት «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ከቤት ቤት ሲዞሩ ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል። በጨምበላላ ዕለት ልጅ አይገረፍም፣ ዛፍ አይቆረጥም፣ ከብት አይመታም፤ ተከልሎ በቆየ የግጦሽ መስክ ይሰማራል። እዚህ ላይ ምስጋናው ክልከላ እንዳለው ልብ በሉ። ዝናብ ተሰጠኝ የሚል ሰው ያን ቀን መጥረቢያ አያነሣም፤ ላሜ አጠጣችኝ የሚል በትር አይሰነዝርባትም።

ሌሎቹ በዓሎቻችንም ከዚህ አይርቁም። የረመዳን ማብቂያ ምጽዋት የሆነው ዘካተል ፊጥር የሚሰጠው የዒድ ሰላት ከመሰገዱ በፊት ነው፤ ከሰላቱ በኋላ የተሰጠው እንደ ማንኛውም ሰደቃ ይታያል። ወሩን የጾመ ሰው ደስታውን ከመጀመሩ አስቀድሞ ድኻው የሚበላው እንዲያገኝ ጊዜው ተቆርጧል። ታኅሣሥ 19 ቀን በሀዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ስለቱ የሠመረለት ምእመንም ጥላውን ወይም ምንጣፉን በጓዳ አያስቀምጥም፤ በእልልታ መካከል ያስገባል፤ ታሪኩን የማያውቅ ሰው ሁሉ ምስክር ይሆነዋል።

ለብቻ መቁጠርስ ምን ጎደለው የሚል ሰው በእጁ ጥሩ ማስረጃ አለው። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማከላ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ለ10 ሳምንት በየሳምንቱ የሚያመሰግኑበትን እስከ 5 ነገር የጻፉ ሰዎች፣ የሚያማርራቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ኑሯቸው ቀና ስሜት እንዳላቸው ተናግረዋል። በሌላው ሙከራም በየቀኑ የጻፉት ሰውን ወደ መርዳት አዘንብለዋል። ስለዚህ ደብተሩ ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን ደብተር የባለቤቱን ፈቃድ ይጠብቃል፤ ያኮረፈ ሰው አይከፍተውም። በዓል ግን በር ያንኳኳል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የኑሮ ውድነት ነው። የጥጋብ ምክር ለተራበ ሰው ፌዝ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። (የቅቤውን ዋጋ እዚህ ባልጠራ ይሻላል።) ላለማፈር ተበድሮ የሚደግስም አለ፤ የመቋደስ ወግ ለእርሱ ሸክም ሆኖበታል። ይህን አልክድም። ሆኖም የፊቼ ማዕድ መሠረቱ ከጓሮ የሚገኘው እንሰት ነው፤ ብድር ውስጥ የሚከተው በላዩ የጨመርነው ታይታ ነው። ደግሞም በሰው ፊት መቁጠር ለብቻ ከመቁጠር የሚበልጥበት ዋና ነገር እዚህ ላይ ይታያል። ለብቻው የሚቆጥር ያለውን ብቻ ይቆጥራል። ከቤት ቤት የዞሩ ሕፃናት ግን የማን ድስት ባዶ እንደሆነ አይተው ይመለሳሉ፤ ዘካተል ፊጥር የሚያወጣውም ሰው ተቀባይ መፈለግ አለበት። በጋራ የተደረገ ቆጠራ ጉድለትንም ይመዘግባል።

ምስጋና ሕዝብን ዝም ያሰኛል፣ መብቱን እንዳይጠይቅ ያደርጋል የሚለውን በአጭሩ ላንሣ። በየዓመቱ በጉዱማሌ ያመሰገነው የሲዳማ ሕዝብ ለብዙ ዓመታት የክልልነት ጥያቄ ሲያነሣ ኖሮ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፅ ሰጥቶበታል። ጥያቄውን መደገፍ ወይም መንቀፍ የዛሬ ርዕሴ አይደለም፤ ማመስገንና መጠየቅ በአንድ አደባባይ እንደሚኖሩ ግን ያሳያል። አፊኒ በሚባለው የሲዳማ የሽምግልና ሥርዓት ቅሬታ ያለው ሰው እስኪጨርስ ይደመጣል፤ የተጣላም ወደ ፊቼ የሚገባው ታርቆ ነው። ቅሬታውን እንዲውጠው አይጠየቅም፤ እንዲያወጣው እንጂ።

መከራከሪያዬ በእርግጥ የሚፈተነው ሌላ ቦታ ነው። ይህ ሁሉ ሥርዓት የሚያንኳኳ ልጅና የሚያውቀው በር እንዳለ ይገምታል። ሀዋሳ ግን ተከራይ የበዛባት ከተማ ሆናለች። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ወጣት ሴቶች ከገጠር መጥተው በጠባብ ክፍል በደባልነት ይኖራሉ። በዓል ሲደርስ ያላቸው ምርጫ ለትራንስፖርት ከፍሎ ወላጅ ዘንድ መግባት ወይም በር ዘግቶ ስልክ መደወል ነው። ፊቼ ወደ ቤተሰቧ መሄድ ችላለች፤ መሄድ ያልቻለችውን ማን ይጠይቃታል? አከራይ ግቢው ውስጥ ላለችው ልጅ ከበዓሉ ማዕድ፣ ሁሉም እንደ ሃይማኖቱ፣ ቢልክላት አዲስ ደንብ አልፈጠረም። የዕድሮቻችን መዝገብ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ባለቤቱን እንጂ ደባሉን አይደለም፤ ሥራው ከዚያ መዝገብ ቢጀመር ደግ ይመስለኛል።